ስልክን የምታሳውር ፀሐይ ካልኩሌተርን ለምን አታሳውርም?

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሽንኩርትና ካሮት እየገዛሁ ነበር። ሰዓቱ ቀን ሰባት ገደማ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጥሬ ብር ስላልያዝኩ ሂሳቡን በስልኬ አስተላለፍኩና "እማማ፣ ልኬያለሁ፣ ይዩት" ብዬ ስልኩን ዘረጋሁላቸው። አዩት። ጠጋ ብለው አዩት። አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ወደ ግራ አዘነበሉ።

"ምኑን ነው የማየው ልጄ? የገዛ ነጠላዬን እኮ ነው የሚያሳየኝ!"

ብራይትነሱን እስከ ጥጉ ገፋሁት። ያው ነው። በእጄ ከለልኩት፣ ግማሹ ታየ፣ ግማሹ ጠፋ። በመጨረሻ እማማ ነጠላቸውን አጥፈው እንደ ድንኳን ከፍ አደረጉት፣ እኔም ስልኬም ከሥሩ ገባን፣ እዚያ ተጠጋግተን "385 ብር፣ ተሳክቷል" የሚለውን አነበብን። "እሺ፣ ገብቷል፣ ተባረክ" አሉኝ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሚዛናቸው አጠገብ አንድ አሮጌ ካልኩሌተር ተቀምጧል። አቧራ ጠጥቷል፣ የእኩል ምልክቷ ቁልፍ ተፍቃ አልቃለች። እዚያው ፀሐይ ላይ፣ ያለ ምንም ጥላ፣ 385 የሚለው ቁጥር እንደ ኩል ጠቁሮ ይታያል። እኔ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ብር ያወጣሁበት ስልክ ነጠላ ተከልሎለት ነው የተነበበው። ይቺ በጥቂት ብር የተገዛች ካልኩሌተር ደግሞ ፀሐይ በበረታባት ቁጥር ይበልጥ ታምራለች። ለምን?

መጀመሪያ ፀሐይ ምን ያህል እንደምትበረታ እንይ፤ ምክንያቱም ዓይናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዋሾ ነው። ቤት ውስጥም ሆነ ደጅ "ደህና ብርሃን አለ" ብሎ ያልፈዋል። መሣሪያ ሲለካው ግን ሌላ ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን የሚለካው ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። ደህና መብራት ያለው ቢሮ 500 ሉክስ ያህል አለው። የቀትር ፀሐይ ግን 100 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ሁለት መቶ እጥፍ ማለት ነው! ከቢሮ ወጥታችሁ ደጅ ስትቆሙ ዓይናችሁ ብሌኑን አጥብቦ፣ ራሱን አስተካክሎ ነገሩን ይሸፋፍንላችኋል። ስልካችሁ ግን የሚያወጣው ብርሃን ያው የቢሮው ነው።

ከስክሪን የሚወጣው ብርሃን ደግሞ በኒት ይለካል። ስልክ ስትገዙ ዝርዝሩ ላይ የምታዩት ቁጥር ነው። መካከለኛ ስልክ 500 ኒት አካባቢ ይሰጣል። ውድ የሚባሉት አዳዲሶቹ ፀሐይ ሲያዩ ለጊዜው ከ1000 ወደ 2000 እና ከዚያም በላይ ይወጣሉ። ትልቅ ቁጥር ይመስላል። አሁን አንድ ነጭ ወረቀት አምጡና ያው የቀትር ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ወረቀቱ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶውን መልሶ ቢበትን፣ ብሩህነቱ 25 ሺህ ኒት ገደማ ይሆናል። ባትሪ የለው፣ ቻርጀር የለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ወረቀት።

የእማማ ነጠላም ነጭ ነው። እሱም ከወረቀቱ ብዙ አይተናነስም። እንግዲህ የስልኬ መስታወት፣ እንደማንኛውም መስታወት፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ከላዩ ላይ መልሶ ያንጸባርቃል። የ25 ሺህ 4 በመቶ 1000 ነው። ስልኬ 500 ኒት እያወጣ "ተሳክቷል" ሊላቸው ይጣጣራል፣ መስታወቱ ደግሞ 1000 ኒት ነጠላ ያሳያቸዋል። ሴትዮዋ ነጠላዬን ነው የማየው ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። ቃል በቃል እውነታቸውን ነው። ነጠላቸው ስልኬን በሁለት እጥፍ በልጦታል።

(ከዚህ አንድ ጥቅም ታገኛላችሁ። ፀሐይ ላይ ስልክ ማንበብ ካለባችሁ ስክሪኑን አጋድሙና ጥቁር ነገር እንዲያንጸባርቅ አድርጉት፤ ጥቁር ጃኬት፣ የመኪና ጎን፣ የበር ውስጥ ጨለማ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፀሐይ ላይ ስልክ ማንበብ ከራስ ሸሚዝ ጋር መጣላት ነው።)

አሁን ወደ ስልኩ ሆድ እንግባ። አብዛኛው ርካሽ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ኤልሲዲ የሚባል ስክሪን ነው ያለው። ኤልሲዲ በራሱ አያበራም። ከኋላው ሁልጊዜ የበራ ነጭ አምፖል አለ። ከፊቱ የተደረደረው ነገር ሁሉ ሥራው ያንን ብርሃን ማገድ ወይም ማሳለፍ ብቻ ነው።

የሚያግደው እንዴት ነው? የቡሄ ጅራፍ አስቡ። በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ አጥር አለ፣ አጣናዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት አለ። ጅራፉን በክፍተቱ አሾልካችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ብታወዛውዙት ማዕበሉ አጥሩን አልፎ ይሄዳል። ወደ ጎን ብታወዛውዙት አጣናው ይይዘዋል፣ እዚያው ይቀራል። ብርሃንም እንዲሁ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ አለው፤ ፖላራይዘር የሚባለው ስስ ሽፋን ደግሞ አጥሩ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ሁለት እንዲህ ዓይነት አጥር አለ፣ አንዱ የቆመ አንዱ የተጋደመ። መካከላቸው ላይ ፈሳሽ ክሪስታል ተቀምጧል። ክሪስታሉ ዝም ሲል የብርሃኑን ውዝዋዜ ጠምዝዞ ለሁለተኛው አጥር እንዲመቸው ያደርገዋል፣ ብርሃኑ ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሲነካው ቀጥ ይልና መጠምዘዙን ይተዋል። ያን ጊዜ ብርሃኑ ሁለተኛው አጥር ላይ ተላትሞ ይቀራል። እኛ ጥቁር ነጥብ እናያለን። አለቀ፣ ይኸው ነው ኤልሲዲ። አንዳንድ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ ስልኩን ስታዞሩት ድንገት የሚጠቁርባችሁም ለዚሁ ነው። መነጽሩ ሦስተኛ አጥር ሆኖባችኋል።

ችግሩ አጥር ብርሃን ይበላል። የመጀመሪያው ፖላራይዘር ብቻውን ግማሹን ያስቀራል። ከዚያ የቀለም ማጣሪያ አለ፤ ቀይ ነጥብ ቀዩን ብቻ ያሳልፋል፣ ሌላውን ይውጠዋል፣ አረንጓዴውና ሰማያዊውም እንደዚያው። ሁሉም ተደማምሮ የኋላው አምፖል ካወጣው ብርሃን ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው አንድ አስረኛውም አይሞላም። የቀረው ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። አስር ባልዲ ውኃ ቀድታችሁ ዘጠኙን መንገድ ላይ እየደፋችሁ ቤት ከመግባት አይለይም፣ ውኃው ደግሞ የባትሪያችሁ ነው።

"የእኔስ አሞሌድ ነው" የሚል ይኖራል። እሺ፣ አሞሌድ ከኋላው አምፖል የለውም፣ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች። ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፣ ያምራል። ፀሐይ ላይ ግን ያው ትግል ነው፤ ነጠላውን ለማሸነፍ ነጥቦቹን ማቃጠል አለበት። ማቃጠል ያሞቃል። ስልክ ደግሞ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን መጀመሪያ የሚቀንሰው ብራይትነሱን ነው። የታክሲ ሾፌሮችን ጠይቁ። ስልኩ ዳሽቦርድ ላይ ተሰክቷል፣ ከላይ ፀሐይ፣ ከውስጥ ካርታው፣ ኢንተርኔቱና ቻርጁ ያፈሉታል፣ ከዚያ ልክ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ደብዘዝ ይላል። አንድ የማውቀው ልጅ የጫማ ካርቶን ቆርጦ እንደ ባርኔጣ ገጥሞለታል። ከብዙ ኢንጂነር የበለጠ ገብቶታል።

ካልኩሌተሯ ግን ትግሉ ውስጥ የለችበትም። እሷም ኤልሲዲ ናት፤ ያው ሁለት አጥር፣ ያው ፈሳሽ ክሪስታል። የሌላት አምፖሉ ነው። በአምፖሉ ፈንታ ከኋላዋ ብርሃን መላሽ ሽፋን ተለጥፏል። የፀሐይ ብርሃን ከፊት ይገባል፣ አጥሮቹን ያልፋል፣ ሽፋኑ ላይ ነጥሮ በመጣበት ይመለሳል። ቁጥር ባለበት ቦታ ክሪስታሉ አግዶታል፣ ስለዚህ አይመለስም፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ሁለት መቶ እጥፍ ብትጨምር የሚመለሰውም ሁለት መቶ እጥፍ ይጨምራል። ፀሐይ ተቀናቃኝ መሆኗ ቀርቶ አምፖል ሆነች ማለት ነው፣ ያውም ቆጣሪ የማይቆጥርባት።

ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ ኤሌክትሪክ አይበላም ማለት ይቻላል። ባትሪ የሚበላው አምፖሉ ነው። ካልኩሌተሯ ግንባሯ ላይ ባለች የጣት ስፋት በምታህል የሶላር ቁራጭ ዓመታት የምትሠራው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ክሪስታል የተገኘው ከካሮት ጋር በተያያዘ ሥራ ነው፤ በ1888 ሬይኒትዘር የሚባል ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካሮት ካወጣው ንጥረ ነገር የሠራው ነገር ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አይቶ ግራ ተጋባ፤ መጀመሪያ 145 ዲግሪ አካባቢ ደፍርሶ ቀለጠ፣ ከዚያ 178 ላይ ጠራ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ማንም ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የሰዓትና የካልኩሌተር ስክሪን ሆነ።

የድሮ ኖኪያም ከዚሁ ወገን ነው። 3310ን የያዘ ሰው ያስታውሳል። በ2000 የወጣ፣ 84 በ48 ነጥብ ብቻ ያለው፣ ጥቁርና ግራጫ ስክሪን። መስቀል አደባባይ መሀል ቆማችሁ ኤስኤምኤስ ብታነቡበት ቅንጣት አያስቸግርም። ሲመሽ ብቻ ያቺን አረንጓዴ መብራቱን ያበራ ነበር። ባትሪው ቀናት ይቆይ የነበረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ታዲያ ከዚያ ለምን ወጣን? ቀለም ስለፈለግን ነው። የቀለም ማጣሪያ ብርሃኑን ሲሶ ያደርገዋል። አምፖሉ ከኋላ ሲሆን ብርሃኑ ማጣሪያውን የሚያልፈው አንዴ ነው። ከፊት ገብቶ በመጣበት ሲመለስ ግን ሁለቴ ያልፋል፣ ሁለቴ ይበላል። የሚደርሳችሁ ቀለም እንደታጠበ ጨርቅ የወየበ ይሆናል። ፋብሪካዎቹ ከዚህ ጋር ከመታገል አምፖሉን ከኋላ ማስገባትን መረጡ። እኛም ቪዲዮና ፎቶ ስናይ ደስ አለን፣ በልዋጩ ፀሐይን አጣን።

ሁለቱንም ለማግኘት የሞከረ አለ። ታሪኩ ወደ እኛም ሰፈር ይመጣል።

በኅዳር 2005 ቱኒስ ውስጥ በተደረገ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚባል የኤምአይቲ (የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ) ሰው አንዲት አረንጓዴ ላፕቶፕ ይዞ ቀረበ። የመቶ ዶላር ላፕቶፕ፣ ለድሃ አገር ልጆች፣ መብራት በሌለበት በእጅ እያዞሩ ቻርጅ የሚያደርጓት። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን እጀታዋን ሲያዞሩ ተነቅሎ እጃቸው ላይ እንደቀረ በወቅቱ ተዘግቧል። እጀታው በኋላ ተተወ፣ ዋጋዋም መቶ ዶላር ሆኖ አያውቅም፣ ወደ ሁለት መቶው ተጠጋ። ስክሪኗ ግን ተአምር ነበር።

ያን ስክሪን ያሰበችው ሜሪ ሉ ጄፕሰን ናት፣ የፕሮጀክቱ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበረች። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አንድ ልጅ በእጁ አዙሮ የሚያመነጨው ጥቂት ዋት ነው፣ የዚያን ጊዜ ላፕቶፕ ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዋት ይበላል። ስክሪኑ ካልቀነሰ የቀረው ቢቀንስ ዋጋ የለውም። ልጁ የሚማረውም ምናልባት ዛፍ ሥር ነው።

መፍትሔው እያንዳንዷን ነጥብ ለሁለት መክፈል ሆነ። የነጥቧ አንድ ክፍል መስታወት ነው፣ ከፊት የመጣውን ይመልሳል። ሌላው ክፍል መስኮት ነው፣ ከኋላ ያለውን አምፖል ያሳልፋል። ይህን ትራንስፍሌክቲቭ ይሉታል፣ ከእሷ በፊትም የነበረ ሐሳብ ነው። የእሷ ብልሃት ቀለሙን በመስኮቱ በኩል ብቻ አድርጋ መስታወቱን ከቀለም ነጻ መተዋ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አምፖሉ ሲበራ ባለቀለም ስክሪን ነው። ደጅ ስትወጡ ፀሐይዋ እየበረታች ስትመጣ ቀለሙ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ በምትኩ ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ ጽሑፍ ይወጣል። እንዲያውም የደጁ ከቤቱ ይበልጣል፤ 7.5 ኢንች ላይ 1200 በ900 ነጥብ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ውድ ላፕቶፕ ያልነበረው ጥራት። አምፖሉ ሲበራ ስክሪኗ አንድ ዋት ገደማ ትበላለች፣ ሲጠፋ ግን አንድ አስረኛ ዋት ብቻ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔ ግን ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። ላፕቶፕ ስታነቡ ስክሪኑ ላይ ምንም ባይንቀሳቀስም ዋናው አንጎል ሥዕሉን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ ሲልክ ይውላል። ያችኛዋ ላፕቶፕ ለዚህ ብቻ የተመደበች ትንሽ ቺፕ ነበረቻት። ልጁ ገጹን እያነበበ ሳለ ትልቁ አንጎል ይተኛል፣ ትንሿ ቺፕ ሥዕሉን ይዛ ትቆማለች። ልጁ ቁልፍ ሲነካ ትልቁ ይነሳል።

ወደ ኢትዮጵያም በ2008 አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ መጥተዋል። ፕሮጀክቱ ከትምህርት አንጻር ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ እዚህ አልገባበትም። ያው ድርጅት በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር፣ ያለ አስተማሪ ማንበብ ይለምዱ እንደሆን ለማየት። ቻርጁ በሶላር ነው፤ ታብሌቶቹ ግን ከገበያ የተገዙ የሞቶሮላ ዙም ነበሩ፣ ስክሪናቸው እንደማንኛውም ታብሌት ከኋላ አምፖል ያለበት። ከፀሐይ የተሰበሰበውን ኃይል መልሶ ፀሐይን ለመታገል ማዋል ነው የመሰለኝ።

ጄፕሰን ላፕቶፗ ማምረቻ ስትገባ ፕሮጀክቱን ትታ ፒክስል ኪ የሚባል የራሷን ኩባንያ አቋቋመች። ሐሳቡን ለሁሉም ላፕቶፕና ታብሌት ልትሸጥ ነበር። 10.1 ኢንቹ በ2010 ወጣ። በዚያው ዓመት አይፓድ ወጣ። ጥቂት አምራቾች ገዟት፣ ትልልቆቹ አልመጡም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ጠፋ።

ለምን? የኔን ግምት ልንገራችሁ። ስክሪን የሚሸጠው ቤት ውስጥ ነው። የትኛውም የቦሌ የስልክ ሱቅ ግቡ። መደርደሪያው በነጭ መብራት ተጥለቅልቋል፣ ስልኮቹ ሁሉ ፒኮክና የዓሣ ቪዲዮ እያጫወቱ ናቸው። እዚያ መሀል ትራንስፍሌክቲቭ ስክሪን ብታስቀምጡ የታመመ ይመስላል። "ወንድሜ፣ አንዴ ደጅ ይዤው ልውጣ?" የሚል ገዢ አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ አላልኩም፣ ለዚህም ነው ነጠላ ሥር የገባሁት። አሁን ግን በሩ ድረስ ይዤ እወጣለሁ፣ ሻጩ ቢገላምጠኝም።

ሌላው መንገድ ደግሞ አጥሩንም አምፖሉንም ጨርሶ መጣል ነው። ኢ-ኢንክ። ኪንድል በሚባለው የአማዞን መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ያለው።

ይህኛው ፈሳሽ ክሪስታል አይደለም፣ እውነተኛ ቀለም ነው። ስክሪኑ ውስጥ በጣም ደቃቅ ከረጢቶች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዷ ከጤፍ ፍሬ አስር እጥፍ ብታንስ ነው እንጂ አትበልጥም። በከረጢቷ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፣ በፈሳሹ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኝ ይንሳፈፋል። ነጩ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ይዟል፣ ጥቁሩ ተቃራኒውን። ከሥር ኤሌክትሪክ ስትነኩት አንደኛው ወደ ላይ ይሳባል፣ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል። ነጩ ከወጣ ነጭ ጤፍ፣ ጥቁሩ ከወጣ ጥቁር ጤፍ። ግራጫ ከተፈለገ ግማሽ ግማሽ፣ ሰርገኛ በሉት።

ዋናው ጨዋታ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ብናኙ አንዴ ከወጣ እዚያው ይቀራል። ኤሌክትሪኩን ብታቋርጡትም አይወርድም። ኪንድል ገጽ ስትገልጡ ብቻ ነው ስክሪኑ ኃይል የሚወስደው፤ ገጹን ከፍታችሁ ሁለት ሰዓት ብታነቡ ስክሪኑ በዚያ ሁለት ሰዓት ምንም አልበላም። ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ቢያልቅም የመጨረሻው ሥዕል ስክሪኑ ላይ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ጽሑፉ የማይጠፋበት ኤሌክትሮኒክስ ሌላ ካለ ንገሩኝ።

ሥራው የተጀመረው ኤምአይቲ ነው፣ ኢ-ኢንክ ኩባንያ ሆኖ የተመሠረተው በ1997። ሶኒ በ2004 ጃፓን ውስጥ አንባቢ መሣሪያ አወጣበት፣ ብዙም አልተወራለትም። አማዞን በኅዳር 2007 ኪንድልን በ399 ዶላር ሲያወጣ ግን በአምስት ሰዓት ተኩል ተሸጦ አለቀ።

ለአማርኛ አንባቢ የነጥቡ ብዛት የምር ጉዳይ ነው። በ፣ ቡ እና ቢን ጻፉና ተመልከቱ። ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት፣ ቡ ላይ ወገቧ ጋ፣ ቢ ላይ እግሯ ጋ። ነጥቡ ሲያንስ ጭረቷ ትጠፋና "ቢመጣ" እና "በመጣ" አንድ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ኪንድል በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ነበረው፣ የኋለኞቹ 300 ገብተዋል። ፊደላችን በ300 ላይ እንደ መጽሐፍ ይቀመጣል።

ክፉ ጎኑስ? ቀርፋፋ ነው። ብናኝ ፈሳሽ ውስጥ እየዋኘ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብርድ ሲሆን ይብሳል። ቪዲዮ አይታሰብም። ገጽ ሲቀየር አንዳንዴ ሁለመናው ጥቁር ብልጭ ይላል፤ ካላለ ደግሞ ያለፈው ገጽ ጥላ ሥር ሥሩን ይታያል። ነጩም የወረቀት ነጭ አይደለም፣ የሚመልሰው ብርሃን የወረቀትን ግማሽ ያህል ነው፣ ስለዚህ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ግራጫ ይመስላል። ከ2012 ወዲህ የመጡት ከጠርዙ በኩል ትንሽ መብራት አላቸው፣ ከኋላ ሳይሆን ከፊት የሚያርፍ፣ ፋኖስን ወረቀት ላይ እንደማስጠጋት።

ሰዓቶቹንም በአጭሩ ላንሳ። ሱሉልታ ጠዋት የሚሮጡ ልጆች እጅ ላይ ያሉት አንዳንዶቹ የጂፒኤስ ሰዓቶች ቀለማቸው ፈዛዛ የሆነው ርካሽ ስለሆኑ አይደለም። እያንዳንዷ ነጥብ ሥር አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ተቀብራለች፣ "ጥቁር ነሽ" ወይም "ነጭ ነሽ" የሚለውን ትይዛለች፣ ስለዚህ ሥዕሉን እየደጋገሙ መላክ የለም። ብርሃኑ ከፀሐይ ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ በርቶ፣ በአንድ ቻርጅ ብዙ ቀን ይሄዳል። ፔብል የሚባለው ሰዓት በ2012 ከተራ ሰው በኢንተርኔት ከአስር ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሰባሰበው እንዲህ ያለ ስክሪን ይዞ ነው። አሁን የሰዓት አምራቾቹም ወደ አሞሌድ እያዘነበሉ ነው። ያው የሱቅ መብራት ነው።

የጄፕሰን መንገድ ጨርሶ አልሞተም። በ2024 ዴይላይት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ እንደ ኢ-ኢንክ የማይንቀራፈፍ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ጥቁርና ነጭ ታብሌት አውጥቷል። ሲወጣ ዋጋው 729 ዶላር ነበር። በብር አታባዙት፣ እኔ አባዝቼው ነው የማላስፈልገው መሆኑን የተረዳሁት።

እስከዚያው በያዝነው ስልክ እንዴት እንኑር? ደጅ ስትወጡ ዳርክ ሞዱን (ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ የሚያሳየውን) አጥፉት። ሌሊት ነው እሱ የሚያምረው፤ ፀሐይ ላይ ግን ስክሪኑ ትንሽ ብርሃን ስለሚያወጣ ነጸብራቁ ይውጠዋል። ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሻላል። ሌላው፣ መንገድ ላይ የሚሸጠውን "ፕራይቬሲ" የሚሉትን፣ ስክሪኑ ከጎን እንዳይታይ የሚያደርገውን መከለያ ካስለጠፋችሁ ብርሃኑን ራሳችሁ ቀንሳችሁታል፣ ከዚያ ስልኩን አትውቀሱ። አየር የገባበት መከለያም እንደዚያው ነው፤ አየርና መስታወት በተገናኙበት ሁሉ አንድ ተጨማሪ 4 በመቶ ነጸብራቅ አለ። "እንደ ወረቀት" እየተባለ የሚሸጠውን ደብዛዛ ሽፋን ደግሞ በጥርጣሬ እዩት። ነጸብራቁን አያጠፋውም፣ ይበትነዋል እንጂ፤ የነጠላው ሥዕል ጠፍቶ በቦታው ጭጋግ ይመጣል። ከኋላው አምፖል ካለ ያው አምፖል ነው።

ትናንት ተመልሼ ሾላ ሄጄ ነበር። እማማ ከሚዛኑ በላይ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ሰቅለዋል።

"ለሽንኩርቱ ነው እማማ?" አልኳቸው።

"ሽንኩርት ምን ይሆናል ብለህ ነው? ለናንተ ስልክ ነው እንጂ።"

ከሥሩ ገብቼ ስልኬን ዘረጋሁ። የሚንጸባረቀው የጃንጥላው ጥቁር ሆድ ብቻ ነው። 240 ብር፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ካልኩሌተሯን ግን ከጃንጥላው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ትተዋታል።